የእትዬ ዳሊያ የመጨረሻ ቁፋሮ

መርማሪዋ ወደ ምድር ቤቱ ስትወርድ ደረጃዎቹን ቆጠረቻቸው፤ አሥራ አራት ናቸው፣ ሁሉም ድንጋይ። አንድ እጇ ግድግዳውን፣ አንድ እጇ የካፖርቷን አንገትጌ ይዟል። ብርድ ጠላቷ ነው። የሥራ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። እሷ ቅጥነቷን አይተው ያወጡላት ስም ይመስላታል፤ እነሱ ግን እንዲህ የሚሏት ጠባብ ቀዳዳ ካገኘች ሳታልፍበት ስለማትመለስ ነው። ዛሬ የመጣችው ሃምሳ አለቃው በስልክ «ነገሩ አልቋል፣ ለፊርማ ያህል ብቅ ይበሉ» ስላላት ነው። «አልቋል» የሚለው ቃል ግን አልጣማትም።

ከደረጃው ሥር ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ በጎናቸው ተጋድመዋል። ሰፈሩ «እትዬ ዳሊያ» ማለት ከጀመረ ዘመን ቆጥሯል፤ ከቤታቸው ጀርባ ስልሳ ያህል የዳሊያ አበባ ያሳድጉ ስለነበር የገዛ ስማቸውን የሚያስታውስ ሰው አልቀረም። የጓሮ ቦት ጫማቸውን እንዳደረጉ ናቸው። ከአጠገባቸው ቅርጫት አለ፤ ውስጡ ተቆፍረው የወጡ ሁለት የዳሊያ ሥሮች ተቀምጠዋል፤ እንደ ስኳር ድንች ወፍራም፣ አንድ ላይ የተያያዙ፣ አናታቸው ላይ አንድ ስንዝር የሚሆን አገዳ የቀረላቸው።

«ሁለቱም ክንዳቸው ላይ የጣት ምልክት አለ» አለ ሐኪሙ፣ ቦርሳውን እየዘጋ። «ሰው ጨምድዶ ይዟቸዋል፣ ከዚያም ገፍቷቸዋል። የመታቸው የድንጋዩ ጠርዝ ነው።»

«መቼ?»

«ከትናንት አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት እስከ ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት። እንዲህ የቀዘቀዘ ቤት ውስጥ ከዚህ በላይ አጥብቤ አልምልም።»

«እኔ እምልልዎታለሁ» አለ ሃምሳ አለቃው። ደስ ብሎታል፤ ደስታውን መደበቅም አልሆነለትም። «ጠዋት ነው። ወንድማቸው አንድ ሰዓት ላይ በስልክ አናግረዋቸዋል። ውርጩ ጣለ፣ ዳሊያዎቼን ላወጣ ነው ብለዋቸዋል። የእህታቸው ልጅ ነርስ ናት፣ ከሌሊት ሥራ ወጥታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እቤት ገባች። አራት ሰዓት ላይ ሞተው አገኘኋቸው ብላ ጮኸች። በመሃል እዚህ ግቢ የገባ የለም። ቤቱ የሚወረሰው ለሷ ነው። ባለፈው ሳምንት ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል። ምን ቀረ?»

«ምንም» አለች መርማሪዋ። «ለዚህ እኮ ነው የከፋኝ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ይወስዳታል።»

ሰዓቷን አየች፤ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ከዚያ እንደመቀመጥ ብላ ቅርጫቱን ተመለከተች። ሥሮቹ አፈር የሚባል የላቸውም። ታጥበዋል፣ ያውም በደንብ፤ ገበያ የሚወጡ ይመስላሉ። አንደኛው አገዳ ላይ ሦስት ትናንሽ ቅጠሎች ቀርተዋል። አረንጓዴ ናቸው። ትንሽ ጠውልገዋል እንጂ ሌላ ነገር አልሆኑም።

«ቅጠል ነው የሚያዩት?» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ቅጠል ነው» አለች።

ጓሮው ሲደርሱ እግሯ ቆመ። አበባ አያለሁ ብላ ነበር። ስልሳው ዳሊያ በመደዳ፣ በየድጋፍ እንጨቱ እንደታሰረ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠቁሮ ተንጠልጥሏል፤ የተቀቀለ ጎመን ይመስላል። እስከ ትናንት ቀይና ቢጫ የነበረው ሁሉ በአንድ ሌሊት ውርጭ እንዲህ ሆኗል። መሬቱ ግን ፀሐይ ስለወጣች ቀልጦ ጨቅይቷል።

ከመደዳው ጫፍ፣ ከአጥሩ ግንብ ጥላ ሥር፣ ሁለት ጉድጓዶች ተከፍተዋል፤ ባለ አራት ጣቱ መቆፈሪያ በአንደኛው ጠርዝ ተተክሎ ቆሟል። መርማሪዋ ጓንቷን አውልቃ ጣቷን ወደ ጉድጓዱ ወለል ሰደደች። ፀሐይ ያልደረሰችበት አፈር ነው። ደረቅ ቅርፊት አለው፤ ስትጫነው ቀጭን በረዶ እንደሚሰበር ሁሉ ተንኮሻኮሸ። ሌላኛውንም ነካችው፤ ያው ነው።

«ይበርዳል?» አለ ሃምሳ አለቃው፣ ሊያሾፍ ፈልጎ።

«አንተም ንካው። በኋላ ስጠይቅህ ረሳሁ እንዳትለኝ።»

ነካው። ምን እንዳስነካችው ግን ልብ አላለም።

ወጥ ቤት ውስጥ የእህት ልጂቱ ነጭ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ተቀምጣለች። እጇ በካቴና ታስሯል። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። አላለቀሰችም፤ ፊቷ እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነው እንጂ ያዘነ ሰው ፊት እንኳ አይደለም። ይህ ደግሞ ሃምሳ አለቃውን ይበልጥ አሳምኖታል።

«ካቴናውን ፍታላት» አለች መርማሪዋ። «ከነርስ ጋር ነው የማወራው፣ ከዘራፊ ጋር አይደለም።» ከፈታላት በኋላ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። «በምን ነበር የተጣላችሁት?»

«ልሄድ ነበር። ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቼ።» ድምጿ ደርቋል። «እዚህ ከዳሊያ ሥር ጋር ተቀብሬ አልቀርም አልኳት። እንዲህ ነው ያልኳት። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደገችኝን ሰው።»

«እሳቸውስ ምን አሉሽ?»

«ሂጂ አለችኝ። እንዲያውም ቀሚስ ልግዛልሽ አለች። ይህንን ማን ያምነኛል?»

መርማሪዋ አመነቻት፤ አልነገረቻትም እንጂ። «ትናንት ስንት ሰዓት ወጣሽ?»

«ከቀኑ አሥር ሰዓት ሆስፒታል ገባሁ። እስከ ጠዋቱ አንድ ሰዓት ከክፍሌ አልወጣሁም፣ ሰባት ሰው ይመሰክራል። ግን የጠዋቱን ነው የሚጠይቁኝ። ጠዋት ተኝቻለሁ። ለእንቅልፍ ምስክር ከየት አመጣለሁ?»

«ውርጩ መቼ ጣለ?»

ልጂቱ ጥያቄው ግር አላት። «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግድም። የሆስፒታሉ መስኮት ነጭ ሲሆን አይቼ፣ አክስቴ ነገ ትቆፍራለች ብዬ አሰብኩ። ቅጠሉ በውርጭ ካልጠቆረ በቀር አትነካቸውም። ለምን ቢሏት፣ ሥሩ እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ ምግብ ያከማቻል፣ ቸኩዬ አላስርበውም ትላለች። ብርድ ግን አይችሉም፤ ከጠቆሩ በኋላ ሳይቆይ አውጥቶ ምድር ቤት ሰጋቱራ ውስጥ መቅበር ነው። ቤታችን ውስጥ እንደ ሕግ ነበር።»

«የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል?»

«አጎቴ፣ ወንድሟ፣ በግብዣ ላይ ሳይቀር ያስቁባት ነበር።»

«አክስትሽ የሚጽፉት ነገር ነበር?»

«ደብተር አላት። ያ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ደብተሯ ነው። የመጀመሪያውን ከስምንት ዓመት በፊት አጎቴ በማሽን ላስጽፍልሽ ብለው ወስደው ሳይመልሱት ቀሩ።»

መርማሪዋ ደብተሩን ከመሳቢያው አወጣችና በጭቃ ጣት የተገለጡ ገጾቹን አንድ በአንድ አየች። አንዱ ገጽ ላይ በትልቁ፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፣ «ከእንግዲህ አይታጠብ!!» የሚል አለ። ከግርጌው ቀን ተጽፏል፤ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ደብተሩን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወጣች።

ጎረቤትየው ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ ናቸው። በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቋት ነበር።

«ጮክ ብለሽ ተናገሪ ልጄ፣ ጆሮዬን ባቡር በልቶታል» አሉ። ዓይናቸው ደም መስሏል። «ያቺን ልጅ ግን ልቀቋት። ስትጨቃጨቅ ሰማሁ ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ። ምላሴን በቆረጠው!»

መርማሪዋ ከቅርጫቱ ያመጣችውን አንደኛውን ሥር ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። «ይህንን ያውቁታል?»

ተቀበሏት፣ አገላበጡት፣ ፊታቸውን አጨማደዱ። «ዳሊያማ ዳሊያ ነው። እንደ ሙሽራ ያጠበው ማነው?»

«አይታጠብም?»

«የሚያጥቡ አሉ፣ ሞልተዋል። እኛ ግን አናጥብም። ከስድስት ዓመት በፊት አጥባ ያስገባችው ሁሉ በሰበሰባት፤ አርባ ሥር! ያኔ ከልጅ ሞት እኩል ነው ያለቀሰችው። ተይ አፈሩን አራግፈሽ ብቻ ቅበሪው ያልኳት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ጠብታ ውሃ አስነክታቸው አታውቅም። ልጂቱም ታውቃለች፤ በየዓመቱ አብራት ታራግፋለች።»

«ቅጠሉስ? ውርጭ የመታው ተክል እንዲህ አረንጓዴ ቅጠል ሊኖረው ይችላል?»

ሰውየው አሰቡ። «ግርጌ ያለ ቅጠል አልፎ አልፎ ይተርፋል። እውነቱን ልንገርሽ፣ በቅጠሉ ብቻ አልምልም።»

«እኔም አልምልም» አለች። «እትዬ ዳሊያን መጨረሻ ያዩዋቸው መቼ ነው?»

«ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት፣ እዚሁ ነው። ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ውርጭ ይጥላል ሲል ስለዋለ የመጨረሻ አበቦቿን እየቀጠፈች ነበር። የወንድሟን አዲስ የዳሊያ መጽሐፍ ከአበባ አሳዳጊዎች ማኅበራችን አምጥቼ በአጥሩ ላይ ሰጠኋት። ዛሬ ጠዋት አዳራሽ የተመረቀው እሱ ነው። ገለጥ ገለጥ አደረገችው። ፊቷ ልውጥ አለብኝ። ‹ነገ እኔም አዳራሽ እመጣለሁ፣ የምናገረው አለኝ› አለችኝ። እንኳን ደስ ያለህ ልትለው መሰለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ እሱ ራሱ መጣ። በሩ ላይ አየሁት። እኔ ገብቼ ሬዲዮዬን ከፈትኩ፤ እኔ ሬዲዮ ስከፍት ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል እንጂ እኔ ሌላ ምንም አልሰማም።» ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። «ዛሬ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ አዳራሽ ነበርን። እሷ ትመጣለች ብዬ በር በሩን ሳይ ነው የዋልኩት።»

ወንድምየው ስምንት ሰዓት ላይ ደረሱ። የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ፤ ከተማው አሁንም «ዳይሬክተሩ» ነው የሚላቸው። ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ከምረቃው የወጡበትን። ሃምሳ አለቃው ተማሪያቸው ስለነበር ሲያያቸው ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ወንበር ይያዙ ጋሼ» አለች መርማሪዋ። «ሐዘንዎን እካፈላለሁ። እንዳላደክምዎ አጠር አድርጌ ልጠይቅዎ።»

«ጠይቂኝ ልጄ። ግዴታሽ ነው።»

«ትናንት ማታ መጥተው ነበር?»

«መጥቻለሁ። መጽሐፌን በእጄ ልሰጣት። በሩ ላይ ትንሽ አወራንና ተሰነባበትን። ደህና ነበረች።» መሐረባቸውን አወጡ። «ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። ‹ውርጩ ጣለ፣ ላወጣቸው ነው፣ ምረቃህ ላይ ባልመጣ አትቀየመኝ› አለችኝ። ድምጿ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።»

መርማሪዋ የምታየው እጃቸውን ነበር። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ጥፍሩ የተከረከመ እጅ ነው። የቀኙ መዳፍ ላይ፣ ከአውራ ጣቱ ሥር፣ ፕላስተር ተለጥፏል።

«እጅዎን ምን ሆኑ?»

«ይሄ? የወረቀት መቁረጫ ነው። የመጽሐፉን ጥቅል ስከፍት።»

«መጽሐፉን ላየው እችላለሁ?»

ዳይሬክተሩ ከቦርሳቸው አንድ ቅጂ አወጡ። በዚያ ሁሉ ሐዘን መሃል እንኳ ሽፋኑን በመዳፋቸው ጠረግ አድርገው ሰጧት። ቆማ አነበበች። አጻጻፉ በጣም ጥሩ ነው፤ ዳሊያ በእጁ የሚያሳድግ ሰው ነው የጻፈው። የማከማቸት ምዕራፍ ላይ ስትደርስ ቀስ አለች፤ «ውርጭ ቅጠሉን ሳያጠቁረው መቆፈሪያ አይነካውም። ካጠቆረው በኋላ አገዳው አንድ ስንዝር ሲቀር ይቆረጣል፣ ሥሩ በንጹህ ውሃ ይታጠባል…» መጽሐፉን ከደብተሩ ላይ ደርባ ያዘች። አሁን የቀራት ሁሉንም አንድ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ብቻ ነበር። ግን ልቧ አልቀለላትም። ካወቀች በኋላ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሆነው።

የመመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ አለ። ነርሷን ከመስኮቱ በኩል አስቀመጠቻት፤ ባቡር ነጂው ሳይጠየቁ ሄደው ከጎኗ ተቀመጡ። ዳይሬክተሩ ራስጌ ያዙ። ሃምሳ አለቃው በሩ ላይ ቆመ። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ነው፤ መኪናው ሊመጣ ሠላሳ ደቂቃ ቀርቶታል።

«ሃምሳ አለቃ» አለች መርማሪዋ። «ጉድጓዱን ስትነካው ምን ነበረ?»

«አፈር ነው እንጂ ምን ይኖራል? የደረቀ። የበረደ ቅርፊት ያለው።»

«ወለሉ ላይ?»

«ወለሉ ላይ።»

«ውርጭ የሚይዘው የላይኛውን አፈር ነው። አንድ ክንድ ወርደህ ብትቆፍር እንዲህ ባለ አንድ ሌሊት ውርጭ ሥር አፈሩ ለስላሳ ነው። ዛሬ ጠዋት የተቆፈረ ጉድጓድ ወለሉ ለስላሳ መሆን ነበረበት። ያ ጉድጓድ ውርጩ ሲጥል ክፍት ነበር። የተቆፈረው ትናንት ነው።»

ባቡር ነጂው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡና፣ «እንዴታ! ልክ ነው!» ብለው ጮኹ።

«በቅጠሉ ብቻ አንምልም ብለን ነበር። አሁን ግን ሁለት ሆኑ። ጓሮው ሁሉ ጠቁሮ፣ ከቅርጫቱ ውስጥ ያለው ቅጠል ለምን አረንጓዴ ሆነ? ውርጩ ሲጥል ምድር ቤት ውስጥ ስለነበር ነው።»

«እና እትዬ ዳሊያ ትናንት ማታ ቆፍረዋላ» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ቅጠሉ ሳይጠቁር?»

ሃምሳ አለቃው ከበሩ አንድ እርምጃ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ።

«ይህን ያህል ዘመን ያልፈረሰ ሕግ ትናንት አይፈርስም። ደግሞስ ማን አጠበው? እትዬ ዳሊያ ማጠብ ካቆሙ ስድስት ዓመታቸው ነው።» ደብተሩን ገልጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ልጂቱ ታውቃለች። ጋሼ ጎረቤትም ያውቃሉ፣ መካሪው እሳቸው ናቸው። ስለዚህ የቆፈረው ከሦስቱ አንዱም አይደለም። ሕጉን በቃሉ የሚያውቅ፣ ስለ ውርጭ የሰማ፣ ማጠብ እንደቀረ ግን ያልሰማ ሰው ነው። አንድ ጊዜ እንኳ መቆፈሪያ ያልጨበጠ ሰው። ዳሊያን በጽሑፍ ብቻ የሚያውቅ ሰው፤ ያውም ስምንት ዓመት ባለፈው ጽሑፍ።»

ዳይሬክተሩን ማንም አላያቸውም። ሁሉም ጠረጴዛውን ነበር የሚያየው።

«ይህ ሰው እትዬ ዳሊያ ደረጃው ሥር ሲወድቁ አንድ ነገር አሰበ። ማታ ውርጭ ይጥላል ተብሏል። ከውርጭ በፊት አይቆፍሩም፣ ይህን አገር ያውቀዋል። እንግዲህ ከቆፈሩት ሥር አጠገብ ሞተው ቢገኙ፣ ጠዋት ነው የሞቱት ይባላል። ጠዋት ደግሞ እሱ ሰው በሞላበት አዳራሽ ውስጥ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው። ተቆፍሮ ቤት የገባን ተክል ውርጭ እንደማያገኘው ግን መጽሐፉ ላይ አልተጻፈም። የሚያሳድግ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር አይጽፍም፤ ማን ይጠፋዋል ብሎ።»

«ይሄ ግምት ነው» አሉ ዳይሬክተሩ። ድምጻቸው የክፍል ድምፅ ነው፣ ረጋ ያለ።

«ስልኩ ግን ግምት አይደለም ጋሼ። ጉድጓዱ ትናንት ከተቆፈረ፣ እትዬ ዳሊያም አስመሳዩ ሳይቆፍር በፊት ወድቀው ከነበረ፣ ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ማነው የደወለልዎ?»

ዳይሬክተሩ ቀኝ እጃቸውን ከጠረጴዛው ሥር አስገቡ።

«ፕላስተሩን ያንሱት።»

«ነገርኩሽ፣ የወረቀት መቁረጫ…»

«መቁረጫ ይሰነጥቃል። ያልለመደ እጅ መቆፈሪያ ሲይዝ ግን ውሃ ይቋጥራል። ሐኪሙ በረንዳ ላይ አለ፣ ልጥራው?»

ዳይሬክተሩ መዳፋቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ፕላስተሩን ራሳቸው ላጡት። ከአውራ ጣቱ ሥር ቆዳው አብጦ ፈንድቷል፤ ዙሪያው ቀልቷል። ሃምሳ አለቃው፣ የድሮ ተማሪያቸው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ደብተሬን መልስ አለችኝ» አሉ ዳይሬክተሩ። «መጽሐፉን ይዛ ነበር። ቃል በቃል የኔ ነው አለች። አዳራሽ መጥቼ እናገራለሁ አለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስንት ልጅ አትኮርጅ ብዬ ቀጥቻለሁ? እነሱ ሁሉ ተጠርተዋል፣ ፊት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። ለመንኳት። ምድር ቤት ሳጥን ላዘጋጅ ብላ በሩን ከፈተች፣ ተከተልኳት። ክንዷን ያዝኳት። ልትሰማኝ አልፈለገችም። ልገድላት አልነበረም… ብቻ ዝም እንድትል ነበር።»

ባቡር ነጂው «ወይ አንተ ሰው» ብለው ራሳቸውን ያዙ። ሃምሳ አለቃው ካቴናውን ከኪሱ አወጣ፣ ግን ለጊዜው በእጁ ይዞት ቆመ።

ነርሷ ወንበሯን ወደ ራስጌው አዞረች። ከልጅነቷ ጀምሮ አጎቷን «እርስዎ» ብላ ነው ያደገችው፤ ዓይናቸውን ትክ ብላ አይታ አታውቅም። አሁን አየቻቸው።

«ስንት ደቂቃ ቆፈርክ?»

ዳይሬክተሩ ቀና አሉ።

«ስትቆፍር፣ ስትቆርጥ፣ ስታጥብ። ስንት ደቂቃ ፈጀብህ?»

«እንጃ። አርባ ደቂቃ። ቢበዛ አንድ ሰዓት።»

«መጀመሪያ ስትወድቅ እስትንፋሷን አየህ? እጇን ያዝክ?»

«አልነካኋትም። የሞተች መስሎኝ ነው የወጣሁት።»

«ተመልሰህ ስትወርድስ?»

መርማሪዋ ይህን ጥያቄ አልጠየቀችም ነበር። ለመጠየቅም አላሰበችውም። የሙያ ጥያቄ ነው፣ የነርስ፤ ዳይሬክተሩ ግን ከሁሉም ጥያቄ ይልቅ ይህንን ሲፈሩ እንደነበር ፊታቸው ላይ ታየ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌ መሰሉ።

«ጠራችኝ» አሉ። «ታናሼ አለችኝ። እናታችን ስትሞት እሷ ናት ያሳደገችኝ፣ ያኔ እንደዚያ ነበር የምትጠራኝ። ‹ታናሼ፣ መጣህ?› አለችኝ። ሰው ልጠራላት ሄጄ የተመለስኩ መስሏት።»

«ሆስፒታሉ አሥር ደቂቃ ነው» አለች ልጂቱ። «እዚያው ነበርኩ። ስልኩ እዚሁ ቤት፣ ኮሪደሩ ላይ ነው። ምን አደረግህ?»

ዳይሬክተሩ ዙሪያውን አዩ፤ የሚረዳቸው ፊት አላገኙም።

«ቅርጫቱን አጠገቧ አስቀመጥኩ።»

ያን ጊዜ ነው ልጂቱ ያለቀሰችው። ከጠዋት ጀምሮ ገዳይ ነሽ ሲሏት ያልወጣ ዕንባ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ፣ አክስቴ አክስቴ እያለች፣ ትከሻዋ እስኪርገፈገፍ አለቀሰች። ባቡር ነጂው አቀፏት፤ እሳቸውም ያለቅሱ ነበር፣ በዚያው በትልቁ ድምፃቸው። ሃምሳ አለቃው ዳይሬክተሩን ክንዳቸውን ይዞ አስነሳቸው። መርማሪዋ ካፖርቷን አውልቃ ልጂቱ ትከሻ ላይ ደረበችላት።